ከሰባቱ አባቶች አንዱ

የሞተን ሰው ስም የሰረቀ፣ በሟቹ ላይ ብቻ ሳይሆን በሕያዋን ሁሉ ላይ በደል ይፈጽማል። ሟቹ ፍትሐቱን ያጣል፤ እናቱ የምታለቅስበትን ምክንያት ትነጠቃለች፤ የሌባው ልጅም በማታውቀው ሐሰት ላይ ትዳሯን ልትመሠርት ትነሣለች። ሐሰት ዘመን ስላስቆጠረ እውነት አይሆንም፤ ባለቤቱም ፀጉሩ ስለ ሸበተ ከቅጣት አያመልጥም። በቦሌ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር የሆነው ነገር ይህን ያስረዳል።

ቤዛዊት የአቶ አያሌው ውበቱ አንድያ ልጅ ናት። አቶ አያሌው በሩዋንዳ ባለ አራት ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው፣ በሶማሊያ ጦርነት በምሥራቁ ግንባር ቆስለው የተሸለሙ፣ ሚስታቸውን ቀብረው ልጃቸውን ለብቻቸው ያሳደጉ አዛውንት ነበሩ። ቢሩክ ደግሞ ኢምፔሪያል አካባቢ ባለች ጠባብ መድኃኒት ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ፋርማሲስት ነው፤ እናቱ ወይዘሮ ተናኜ በሳሊተ ምሕረት ጉሊት ተቀምጠው ሽንኩርትና ቃሪያ እየሸጡ ያስተማሩት። ቤዛዊት የአባቷን የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ ከዚያ ትወስድ ነበር። ቢሩክ በሣጥኑ ላይ «ጠዋት አንድ፣ ከምግብ በኋላ» ብሎ ይጽፍላታል፤ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን ከዚያ በታች ሌላ መስመር መጨመር ጀመረ። «ዛሬ ደክሞሻል፤ አንቺም ዕረፊ።» «ባለፈው ሳምንት በዚህ አላለፍሽም፤ ለምን?» አባትየው ክኒኑን ይውጣሉ፤ ልጅቱ ሣጥኑን ታስቀምጣለች። ፍቅራቸው በዚህ መንገድ ከመስታወት ጀርባ ወጥቶ እስከ ሽምግልና ደረሰ።

ከሦስቱ ሽማግሌዎች የሚናገሩት የእነ ቢሩክ የንስሐ አባት አባ ፊሊጶስ ነበሩ። አቶ አያሌው እግራቸውን አነባብረው ተቀበሏቸው።

«ልጁ ፋርማሲስት ነው አሉኝ» አሉ። «መድኃኒት ቤቱ የራሱ ነው?»

«ተቀጣሪ ነው» አሉ አባ ፊሊጶስ።

«እንግዲህ ልጄን ለተቀጣሪ ልድር ነው።»

«እርስዎስ ጌታዬ፣ ከነሕንፃዎ ተወልደው ነው?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። አቶ አያሌው ግን አልሳቁም። «ይሁን፤ ዘር ይቆጠር» አሉ። ሁለት ወገኖች ከመጋባታቸው በፊት አባት አባታቸውን እስከ ሰባት ቤት መጥራት አለባቸው፤ በመካከሉ ሥጋ ከተገናኘ ጋብቻው ይቀራል። አባ ፊሊጶስ የቢሩክን የአባት ወገን ቆጥረው ሲጨርሱ ወደ እናቱ ተሻገሩ።

«በእናቱ በኩል አገሩ ፋርጣ ነው። ተናኜ፣ ውበቱ፣ ካሣ፣ እንግዳ፣ ረታ፣ ተሰማ...»

አቶ አያሌው የያዙትን የውሃ ብርጭቆ አስቀመጡ። ፊታቸው መጀመሪያ ነጣ፤ ቀጥሎ፣ ለሚያያቸው በሚያስገርም ሁኔታ፣ ፈካ።

«አንድ አባት ዘለላችሁ» አሉ። «ከእንግዳ በላይ ጎበዜ አለ። አያሌው፣ ውበቱ፣ ካሣ፣ እንግዳ፣ ጎበዜ፣ ረታ፣ ተሰማ፤ የዚያ ቤት ዘር እንዲህ ነው የሚቆጠረው። ጎበዜ ትልቅ ሰው ነበር፤ አይዘለልም።»

«ጌታዬ ይህን እንዴት ዐወቁ?»

«የራሴን አባቶች እንዴት አላውቅም? ተናኜ ታናሽ እኅቴ ናት።» መሐረብ አውጥተው ደረቅ ዐይናቸውን ጠረጉ። «ልጁ የእኅቴ ልጅ ከሆነ ጋብቻው ቀረ። እግዚአብሔር ሳይረፍድ ገለጠልን።»

በከተማ ሰው የወዳጁን አባት ስም ያውቃል፤ የአያቱን ስም ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ወጣቶች ይህን አስቀድመው የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ቤዛዊት ከበሩ ጀርባ ቆማ ሁሉንም ሰማች። እስከዚያች ሰዓት ንጹሕ መስሎ ይሰማት የነበረው ፍቅር በአባቷ አንድ ቃል ነውር ሆነ፤ ያስቀመጠቻቸውን ሣጥኖች ስታስብ ራሷን ተጸየፈች።

ሰኞ ጠዋት ኢምፔሪያል ወረደች። አንዲት ሴት የልጇን የሳል ሽሮፕ ተቀብላ እስክትወጣ ጠበቀችና ወደ መስታወቱ ቀረበች።

«የግፊት መድኃኒት» አለች።

«ገና አላለቀም እኮ» አለ ቢሩክ። ከሽማግሌዎቹ ሰምቶ ዐይኑ እንቅልፍ አጥቷል።

«ዐውቃለሁ። የአክስቴ ልጅ ምን እንደሚመስል ልየው ብዬ ነው።»

«ቤዚ፣ አትቀልጂ።»

«እናትህ ወንድም እንዳላት ለምን አልነገርኸኝም?»

«እርሷ ራሷ የለኝም ነው የምትለው። አንደኛ ደረጃ ሳለሁ አያሌው የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ቤት ይዤው ብገባ አብልታው፣ ሲወጣ ግን ‹ይህን ስም ከቤቴ አታምጣብኝ› አለችኝ። ልጁ ምን አጥፍቼ ነው ብሎ አለቀሰ።»

ቤዛዊት ልትስቅ ቃጣትና ተወችው። «አባቴ ምን አድርጓት ነው?»

«ከጦርነቱ በኋላ ልጃችሁ በሕይወት አለ፣ ተሸልሞ አዲስ አበባ ሥራ ይዟል ተባሉ። ጠበቁት፤ አልመጣም። በመጨረሻ አያቴ በሶ ሰንቃ ፋርጣ ተነሥታ እዚህ ድረስ መጣች። ዘበኛው ምን ቢላት ጥሩ ነው? ‹ጋሼ እናት የለኝም ብለዋል።› ተመልሳ ስትገባ የልጇን ስም ረገመች፤ እንደ ረገመችውም ሞተች።»

«የእኔ አባት?» አለች ቤዛዊት። «የእኔ አባት ድመት እንኳ ከደጁ አያባርርም።»

«እናቱን ግን አባሯል።» ቢሩክ ቁጣው አፉን ቀደመው። «ማን ያውቃል፣ አንቺም አንድ ቀን በር ትዘጊብኝ ነበር ይሆናል።»

ይህን ከተናገረ በኋላ መመለስ አልቻለም። ቤዛዊት ፊቷን አዙራ ወጣች። እርሱ ከመደርደሪያው ላይ ባዶ ሣጥን አንሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ እኅቴ ነሽ» ብሎ ሊጽፍ ጀመረ፤ ከሁለት ፊደል በላይ እጁ አልሄድለት አለ። የተናገረው ቃል ሐሰት መሆኑን እርሱም ያውቀው ነበር፤ ያሳፈረውም ይኸው ነው።

ወይዘሮ ተናኜ በበኩላቸው ሽማግሌዎቹ የወንድማቸውን ስም ሲጠሩ በራቸውን ዘግተው ቀሪውን አልሰማም ብለው ነበር። አባ ፊሊጶስ ግን ዕርቅ ሳይደረግ የሚተኙ ሰው አልነበሩም፤ ረቡዕ ቀን ጉሊቱ ድረስ መጥተው በሽንኩርቱ አጠገብ ቆሙ።

«ዕርቅ ይዤ መጥቻለሁ።»

«ከማን ጋር፣ አባ? እኔ ከሰው አልተጣላሁም።»

«ቂም ይዘሽ እስከ መቼ?»

«ቂም በሕያው ላይ ነው የሚያዘው። ለእኔ ያ ሰው ከሞተ ቆይቷል። ወይ ሽንኩርት ይግዙኝ ወይ ገበያዬን አይከልክሉብኝ።»

አባ ፊሊጶስ ተቆጡ። «ይልቅ አንቺ ነሽ ያሳፈርሽኝ። ሰውየው ዘሩን ከአንቺ አብልጦ ይዟል። አንድ አባት ዘልለሽ ሰጥተሽኝ፣ በሰው ቤት ተቀምጬ ታረምሁ።»

«ማንን ዘለልሁ?»

«ጎበዜን።»

ሽንኩርት የሚመርጠው እጃቸው ቆመ። «ማንን አሉኝ?»

«ጎበዜን። የእንግዳን አባት፣ የረታን ልጅ። ትልቅ ሰው ነበር ብሏል።»

ወይዘሮ ተናኜ መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ እየበረታባቸው ሄዶ ከበርጩማቸው ተንሸራትተው በጆንያው ላይ ተቀመጡ፤ ጎረቤት ያሉት ነጋዴዎችም ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ ይስቁ ጀመር።

«አባ፣ ጎበዜ እኮ በሬያችን ነው።»

«ምን?»

«በሬ። የሚያርስ በሬ። አባታችን ማታ ማታ ዘር ሲያስቆጥረን አያሌው ሆን ብሎ በመካከል ያስገባዋል፤ አባታችን አለንጋ ይዞ ያባርረዋል፤ እኔ እስቃለሁ። ከሦስታችን በቀር ይህን...»

ሳቁ ከፊታቸው ሳይጠፋ ዐይናቸው ተለወጠ።

«ሲቆጥረው ሳቀ?» ብለው ጠየቁ፣ በዝቅተኛ ድምፅ።

«አልሳቀም።»

«አያሌው ቢሆን ኖሮ እዚያ ላይ ይስቅ ነበር። በሽማግሌ ፊትም ቢሆን ይስቅ ነበር።» ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ። «ይህ ሰው ከወንድሜ አፍ ሰምቶ ነው። ቀልዱን ከወንድሜ አፍ ሰምቶ፣ ቀልድ መሆኑን አላወቀም።»

በልጅነታቸው ያሳቃቸው ወንድም በአንድ ቅጽበት ተመለሰላቸው፤ በዚያው ቅጽበትም ሞተባቸው። እናታቸው የረገመችው ልጅ ያላጠፋ ልጅ ነበር። ወይዘሮ ተናኜ በገበያው መካከል ተቀምጠው፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ስሙን በናፍቆት ጠሩት።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከልጃቸውና ከአባ ፊሊጶስ ጋር ሩዋንዳ ሄዱ። በሩን የከፈተችው ቤዛዊት ናት። ቢሩክ ይቅርታ የሚለምን ዐይኑን ወደ እርሷ አነሣ፤ እርሷ ጫማውን ታይ ነበር።

አቶ አያሌው እጃቸውን ዘርግተው ተነሡ። «ተናኜ፣ እኅቴ» አሉ። ወይዘሮ ተናኜ ተሳሙ፤ አልገፏቸውም። ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ሕፃን ሆኜ ነው የተለየኸኝ፤ ብዙ አላስታውስም» አሉ። «አንድ ነገር ግን አይረሳኝም። ጎበዜ የሞተ ዕለት እንዴት እንዳለቀስህ።»

አቶ አያሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዴት አላለቅስ? የዘራችን ዋልታ ነበር።»

«በምን ነበር የሞተው?»

«በጦር ሜዳ ነው። በጣሊያን ጊዜ።»

«አንተ በጣሊያን ጊዜ አልተወለድህም፤ ታዲያ በምን ዐይንህ አለቀስህ?»

ወይዘሮ ተናኜ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ ቀጠሉ። «ጎበዜ ለፋሲካ ነው የታረደው። አርጅቶ ቀንበር አልችል ሲል አባታችን አረደው፤ መንደሩም ተካፈለው። አያሌው ብቻ ሥጋውን አልቀምስም ብሎ ከጎተራው ጀርባ ሲያለቅስ ዋለ። በሬ ነበር፣ ጌታው። አንተ በሬያችንን አያቴ ብለህ ቆጥረህ፣ በዚያ ላይ የቄስ ቆጠራ ታርማለህ።»

«ዘመኑ ረዝሟል፤ ተምታታብኝ» አሉ አቶ አያሌው። «አያሌው ውበቱ ግን እኔ ነኝ። ልጁም የእኅቴ ልጅ ነው፤ ጋብቻ የለም።»

አባ ፊሊጶስ መስቀላቸውን አወጡ። «እንግዲያው ይህን ይያዙና በዚህ ስም ይማሉ። ከማሉ እኔም አፌን እዘጋለሁ፣ ልጆቹም ይለያያሉ።»

አዛውንቱ እጃቸውን ዘረጉ። ከመድረሳቸው በፊት ቤዛዊት መዳፏን በመስቀሉ ላይ አኖረች።

«አባ፣ እባክዎ አያስምሉት» አለች። ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር፤ እጇ ግን አልተንቀሳቀሰም። «ቢሩክ ዘመድሽ ነው ካላችሁኝ ይሁን፤ ትቼዋለሁ። አባቴ በመስቀል ላይ ሲዋሽ ግን ቆሜ አላይም። እጅህን መልስ፣ አባዬ። የእኔ መለየት ይበቃል።»

የሰውየው እጅ በአየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።

«አስማረ ነው ስሜ» አለ። «የዳንግላ ሰው ነኝ።»

ማንም አልጠየቀውም፤ ራሱ ተናገረ። «ከአያሌው ጋር በአንድ ምሽግ ነበርን። ማታ ማታ አባቶቹን ይቆጥርልን ነበር፤ ጎበዜ ላይ ሲደርስ ፈገግ ይላል፤ በአያቱ የሚኮራ መስሎኝ ነበር። ጭኑን ተመታ። እኔ ለመሸሽ ቆርጬ ነበር፤ ምሽግ ጥሎ የሸሸ ደግሞ ይረሸናል። እርሱን አዛዡ ሳይቀር ጀግና ብሎታል። መታወቂያውን ከኪሱ ወሰድሁ። ስሸሽ ክንዴን ተመታሁ፤ ሆስፒታል ስም ሲጠይቁኝ የእርሱን ሰጠሁ።»

«ስትወስድበት ያይህ ነበር?» አሉ ወይዘሮ ተናኜ።

«ያየኝ ነበር። ውሃ ላምጣልህ ብዬው ስለ ነበር፣ ‹ውሃውን እንዳትረሳ› ነው ያለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አላውቅም። አልተመለስሁም።»

«እናቴ በርህ ላይ ቆማ ነበር።»

«በመስኮት አይቻታለሁ። ብወጣ ልጇ አለመሆኔን ታውቅ ነበር።»

ወይዘሮ ተናኜ ፊታቸውን አዞሩ። ቤዛዊት ከመስቀሉ ላይ እጇን አንሥታ በአባቷ ፊት ቆመች።

«ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ እስከ ዛሬ ስታለቅስ ሰምተኸኛል?»

«ሰምቼሻለሁ።»

«ቢሩክ ዘመዴ አለመሆኑን እያወቅህ?»

«እያወቅሁ።»

«በአንድ ቃል ታድነኝ ነበር። ራሴን ተጸይፌ ስተኛ በግድግዳው ማዶ ሆነህ ስምህን ስትጠብቅ ነበር። ያውም የሰው ስም።» እንባዋ በጉንጯ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «ባለመማልህ የማመሰግንህ ይመስልሃል፣ አባዬ? አላመሰግንህም።»

ቢሩክ ተነሥቶ መጣ። ሊነካት ፈራ፤ አጠገቧ ብቻ ቆመ። «ስለ በሩ የተናገርሁት...» ብሎ ጀመረ።

«ዐውቃለሁ» አለች። «ዝም በል አሁን።» ከዚያ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ግንባሯን በትከሻው ላይ አሳረፈች። ነውር ነው ተብሎ የተነጠቀው ፍቅር ንጹሕ ሆኖ ሲመለስ ደስታ ብቻ አልነበረም፤ በደሉን ያደረሰው የገዛ አባቷ መሆኑ በደረቷ ውስጥ እንደ ፍም ይነድ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው በአጭሩ ይህ ነው። አያሌው ውበቱ ካሣ በክርስትና ስሙ ፍትሐት ተደረገለት፤ ወይዘሮ ተናኜም ተዝካሩን አወጡ፤ እናቱ ያኖረችበትን እርግማን አባ ፊሊጶስ በጸሎት አነሡ። ሠርጉ ከተዝካሩ በኋላ በትንሽ ድግስ ሆነ፤ ሙሽራይቱን መርቀው የሰጡት ወይዘሮ ተናኜ ናቸው። ቤዛዊት በፍርድ ቤት የአባቷን ስም አስለውጣ ቤዛዊት አስማረ ተባለች፤ የሰው ስም ይዤ ልጅ አልወልድም ብላለችና።

አስማረ ሽልማቱን መለሰ። በእንግዳ ማረፊያው በር ላይ የነበረው ስም ተነቀለ። የሰፈሩ እድር፣ በሟች ስም የተመዘገበ አባል አንቀብርም ብሎ ከአባልነት ሰረዘው። ወደ ዳንግላ መልእክት ልኮ ነበር፤ በሕይወት ያለው ወንድሙ «አስማረ በጦርነቱ ሞቷል፤ አልቅሰናል፣ ተዝካሩንም አውጥተናል» ብሎ መለሰለት። ዛሬ በዚያ ሕንፃ ብቻውን ይኖራል። ቤዛዊት በየወሩ መድኃኒቱን ታመጣለች፤ በሩ ላይ ለዘበኛው ሰጥታ ሳትገባ ትመለሳለች። በሣጥኑ ላይ «ጠዋት አንድ፣ ከምግብ በኋላ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከዚያ በታች ምንም የለም።